ሚዜሽ የምትፈርመው ምን ላይ ነው?

«ሶዶ ያደግሁ ካቶሊክ ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር ነው። እጮኛዬ ኦርቶዶክስ ነው። የካቶሊኩ ቄስ ከሠርጉ በፊት ሜሮን ተቀበይ አሉኝ። ኦርቶዶክስ ጓደኛዬ የሜሮን እናቴም ሚዜዬም መሆን ትችላለች? የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀትስ በሕግ ይበቃል? እጮኛዬ ፊት ደባርቅ አግብቶ ነበር፤ በሽማግሌ ተለያይተዋል። ከቀበሌም ያላገባ ወረቀት አውጥቷል።»

እህቴ፣ የጠየቅሽኝን ቶሎ ልጨርስ። የሜሮን እናት፣ ማለትም በቅዱሱ ቅባት ስትቀቢ ከጎንሽ የምትቆመው፣ ካቶሊክና ራሷም ሜሮን የተቀበለች መሆን አለባት፤ ዕድሜዋም በመደበኛው 16 የሞላ። ስለዚህ ጓደኛሽ አትሆንም። ለጋብቻው ግን በቄሱ ፊት ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ካቶሊክ እንዲሆኑ ግዴታ የለም። እጮኛሽ ሜሮንን በሕፃንነቱ ከጥምቀት ጋር ስለተቀበለ አይደገምለትም። በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ነው፤ ቢሆንም ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ።

አሁን ወደ ደባርቅ እንሂድ። ዋናውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ አለፍሽው!

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ዛሬ ጎንደር ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የ1995ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ፍቺ የሚወስነውም ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያደራድራል፣ ከብትና እህል ያካፍላል። ጋብቻ ግን አያፈርስም። ረጅም ዘመን ተለያይተው ሌላ ኑሮ የመሠረቱ ሰዎች ጋብቻቸው እንደፈረሰ የተቆጠረበት የሰበር ችሎት፣ የመጨረሻው ፍርድ ቤት፣ ውሳኔ አለ፤ ግን ያ በክርክር የሚገኝ ነው። በእሱ ተማምኖ አይደገስም።

የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሌለ ሰውየው ባለትዳር ነው። ሁለተኛ ጋብቻ በወንጀል ያስጠይቃል፤ እያወቀች ያገባችውንም ጭምር። አንቺ ደግሞ ማግባቱን እንደምታውቂ በደብዳቤሽ ጽፈሽልኛል። አሁን አብራችሁ ቤት ብትሠሩ የደባርቋ ሴት «የትዳር ንብረቴ ነው» ብላ ልትከስ ትችላለች።

ያላገባ የሚለው ወረቀትስ? አግብቶ የነበረ ሰው፣ ፍቺው በትክክል ቢፈጸምም እንኳ፣ የሚያወጣው የተፋታ የሚል ማስረጃ ነው። ቀበሌው ያልተነገረውን ከየት ያውቃል? ወረቀቱ እንዲሰጠው የመሰከሩለት ሰዎችም ይጠየቃሉ። ሚዜሽም እንደዚያው፤ በክብር መዝገብ ሹም፣ ጋብቻን በሚመዘግበው ሹም፣ ፊት ምስክር የሚቆም ሰው እንቅፋት እንደሌለ ቃል ያስገቡታል። ጓደኛሽ እንቅፋቱን ታውቃለች? ካላወቀች ዛሬውኑ ንገሪያት።

ስለዚህ ያንን ወረቀት የትም እንዳታስገቡ። እጮኛሽን ማኅተም ያለው የፍቺ ውሳኔ ጠይቂው። «አለ» ካለሽ በቃሉ አትለፊው፤ ግልባጩን እይው። ከሌለ እሱና ሴትየዋ ተስማምተው ለወረዳ ፍርድ ቤት ያመልክቱ፤ የሽማግሌዎቹ የክፍፍል ወረቀት ካለ አያይዙት። ውሳኔው ሲወጣ ፍቺውን ያስመዝግብ።

ቄሱንም አትደብቂያቸው። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ፍቺ ብቻ አይበቃትም፤ የቀድሞውን ጋብቻ ራሷ መርምራ ትወስናለች። ይህ ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያው ጋብቻ በቁርባን ነበር ወይስ በሽማግሌ ብቻ? ይህንንም አልነገርሽኝም፤ ለእሳቸው ትልቅ ጥያቄ ነው።

እኔ የጻፍኩት ደብዳቤሽን ብቻ አይቼ ነው። ሰነዶቹን ሰብስቢና ጎንደር ያለ ጠበቃ አማክሪ፤ ለአዳራሽ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት።