መልስ፦ ማክሃርግ ምን ስለሠራ ነው ስሙ የሚነሳው?

"ኢያን ማክሃርግ ምን ቢሠራ ነው በከተማ ፕላን ትምህርት ላይ ስሙ የማይጠፋው?" ላልከው፦

ሰውየው ስኮትላንዳዊ ነው፤ በ1920 እ.ኤ.አ. ግላስጎው አጠገብ ተወለደ። አሜሪካ ሄዶ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላንድስኬፕ አርክቴክቸር (የመሬት ገጽታንና ክፍት ቦታን የመንደፍ ሙያ) ትምህርት ክፍል አቋቋመ። በ2001 አረፈ።

ዋናው ነገር ግን ካርታው ነው። የአንድን ቦታ ጠባይ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ለየብቻ ይሥላል። አንዱ ላይ ተዳፋቱን፣ አንዱ ላይ አፈሩን፣ ሌላው ላይ ጎርፍ የሚተኛበትን። ጉዳት የሚበዛበት ቦታ ይጠቁራል። ከዚያ ሁሉንም ያነባብራቸዋል። ነጣ ብሎ የቀረው መሬት፣ ለምሳሌ መንገድ ቢያልፍበት ብዙም የማይጎዳው ነው። ዛሬ ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ካርታ ላይ የሚያሳይ ሥርዓት) ላይ ሌየር፣ ማለትም የካርታ ንጣፍ፣ ስትደራርብ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ከሱ በፊት የሞከሩት ነበሩ፤ በ1969 ባወጣው መጽሐፉ ዓለም ሁሉ እንዲያውቀው ያደረገው ግን እሱ ነው።

በተግባር ማየት ከፈለግክ አሜሪካ ውስጥ ሂዩስተን አጠገብ ያለችውን ዉድላንድስ የምትባል ከተማ ፈልግ። የዝናቡን ውሃ በቱቦ ከማባረር፣ በተፈጥሮ ቦዩ እየሄደ አፈር ውስጥ እንዲሰርግ ነው ማክሃርግና ባልደረቦቹ ያቀዱት። በኋላ የተሠሩት ሰፈሮች ግን ይህን ዘዴ ተዉት፤ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።