ቀስት ላድርግ ወይስ ጭረት?

ባለፈው ሳምንት አንድ የማስተርስ ተማሪ ደወለልኝ። «ፕሮፌሰር፣ ኖች እና ዴልታ የሚባሉት ጂኖች ይተጋገዛሉ ወይስ ይቃረናሉ? ሥዕሉ ላይ ቀስት ላድርግ ወይስ ጭረት?» አለኝ። አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝና ዝም አልኩ። የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1986 ነው። አውሮፓ ውስጥ ዶክትሬቴን እሠራለሁ። ቤተ ሙከራችን ድሮሶፊላ ያረባል፤ ጠጅ ላይ የምታንዣብበው ያቺ ትንሽ ዝንብ። የዝንቦቹ ምግብ እርሾና የበቆሎ ዱቄት ነው። ሲፈላ ኮሪደሩ በሙሉ ጥንስስ ጥንስስ ይሸታል። አገር ቤት የናፈቀኝ ቀን ሥራ ፈትቼ ድስቱ አጠገብ እቆም ነበር።

ከአገር ቤት አንዲት አዲስ ተማሪ መጣች። ጋሼ ትለኛለች። ለመለማመጃ እነዚሁ ሁለት ጂኖች ተሰጡን፤ እኔ ጎልማሳ ዝንቦችን፣ እሷ ሽሎችን። የእኔ ቀላል ነበር። ዝንቦቹን በኤተር ማደንዘዝ፣ በቀጭን የቀለም ብሩሽ እያገላበጡ ክንፋቸውን ማየት። ከኖች ሁለት ቅጂ አንዱ የጎደላት ዝንብ ክንፏ አይጥ የቀመሰው ወረቀት ይመስላል። ከዴልታ አንዱ ሲጎድል ክንፉ ላይ እንደ ደም ሥር የተዘረጉት መስመሮች ይወፍራሉ። ሁለቱም ሲጎድሉስ? ክንፉ ጤነኛ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው! ስለዚህ ተቃራኒ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

እሷ ሽሎቿን በበረኪና እያጠበች ቅርፊታቸውን ታወልቃለች። ኖች ጨርሶ የሌለው ሽል፣ ቆዳ መሆን የነበረበትን ቦታ የነርቭ ሴል ሞልቶታል። ዴልታ የሌለውም እንደዚያው። በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ «ጋሼ፣ እኔ ጋ አንድ ወገን ናቸው» አለች። ስላይዷን እንኳ አላየሁም። «ብልቃጦቹን አቀያይረሽ ነው» አልኳት፣ በሰው ፊት። «እሺ» አለች። በቃ።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። ሽሉ ውስጥ ዴልታ ከአንዱ ሴል ላይ ሆኖ የጎረቤቱን ኖች ይቀሰቅሳል፤ «አንተ ነርቭ አትሁን» እንደማለት ነው። አንዳቸው ከሌሉ መልእክቱ አይደርስም። ክንፉ ላይ ግን ነገሩ የሚዛን ነው። ዴልታ ጎረቤቱን ሲቀሰቅስ፣ የገዛ ሴሉን ኖች ደግሞ ያፍናል። ሁለቱም አብረው ሲቀንሱ ሚዛኑ ይመለሳል። በ25 ዲግሪ ዝንቧ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ 10 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። የእሷ ሽል የመጀመሪያው ቀን ነው፤ የእኔ ክንፍ በእጭና በፑፓ (እጯ ተሸፍና ወደ ዝንብ በምትለወጥበት) ጊዜ የሚሠራ። በዚያ ላይ እሷ ጂኑ ጨርሶ የጠፋበትን፣ እኔ ግማሹ የቀረለትን ነበር የምናየው። ይህን እንኳ አላሰብኩም።

የዛሬ ልጆች ዝንብ ሳታዩ የጂን መረብ፣ ማለትም የትኛው ጂን የትኛውን እንደሚያግዝ በቀስት፣ እንደሚቃረን በጭረት የሚያሳይ ሥዕል፣ ትሥላላችሁ። የሽሉንም የጎልማሳውንም መረጃ አንድ ላይ ፈጭታችሁ አንድ ሥዕል ታወጣላችሁ። ያናድደኛል። እውነቱን ለመናገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የዝንቧን ጂኖች እንቅስቃሴ በ30 የዕድገት ደረጃዎች ለያይቶ ያሳየን የእናንተው ኮምፒውተር ነው። እኔ በብሩሽ መቶ ዓመት ብቀመጥ አልደርስበትም። ስለዚህ የተናገርኩትን ግማሹን ተዉት።

ለደወለልኝ ልጅ «ሁለት ሥዕል ሥራ፤ አንድ ለሽሉ፣ አንድ ለክንፉ» አልኩት። «መጽሔቱ የሚቀበለው አንድ ነው» አለኝ። ተከራከርን።

እሷ በዓመቱ ትምህርቱን ቀየረች። በእኔ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ አይደለም ማለትም አልችልም። ተሳስቼ እንደነበር የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው። ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤ ቴምብር እስክገዛ እያልኩ ሳልጨርሰው ቀረ። የጋራ መዝገባችን አሁንም እኔ ጋ ነው። «አንድ ወገን ናቸው» የሚለው የእርሳስ ጽሑፏ ላይ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ አለ።