የሜፕል ጫካ ከምርት ወቅት ውጪ፦ ጥያቄና መልስ

ሜፕል ግንዱ ተበስቶ የሚወጣው ጣፋጭ ውኃ እየፈላ ሽሮፕ የሚሆንበት ዛፍ ነው። መላሹ በአሜሪካ፣ በቨርሞንት አነስተኛ የሜፕል ጫካ የሚያስተዳድሩ አባላችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ምርቱ በኤፕሪል አበቃ። እስከ ፌብሩዋሪ ምን እንሥራ?

መልስ፦ ስንት ዛፍ እንዳለዎት፣ በባልዲ ወይስ በቱቦ እንደሚሰበስቡ ሳይገልጹ የሚጠቅም መልስ ልሰጥዎ አልችልም። ለሁሉም የሚሠራው ግን አንድ ነው፤ መቅጃዎቹን፣ ማለትም ውኃው እንዲወርድባቸው በግንዱ ቀዳዳ የተሰኩትን ቧንቧዎች፣ ዛሬውኑ ንቀሉ። መቅጃው ካልወጣ ቀዳዳው ሊዘጋ አይችልም።

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)፦ የእኔ ዛፎች ውኃ የስኳር መጠኑ 1.5 በመቶ ሲሆን የጎረቤቴ 2.5 ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። ስኳሩ የሚሠራው በማርች ሳይሆን በጁንና በጁላይ በቅጠሉ ውስጥ ነው፤ ዛፉ ከፍላጎቱ የተረፈውን በእንጨቱና በሥሩ በስታርች መልክ ያከማቻል፤ ብርዱ ሲመጣም ስታርቹ መልሶ ስኳር ይሆንና ከውኃው ጋር ይወጣል። ስለዚህ አናቱ ሰፊ የሆነና ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ዛፍ፣ በጎረቤቶቹ ተጣቦ እንደ ሸንበቆ ከቀጠነው ይልቅ የጣፈጠ ውኃ ይሰጣል። ለአንድ ሊትር ሽሮፕ የሚፈላውን ውኃ ለማወቅ 86ን ለስኳሩ መቶኛ ያካፍሉ፤ የእርስዎ 57 ሊትር፣ የጎረቤትዎ 34 ሊትር ግድም ይሆናል። ልዩነቱ ሁሉ ማገዶ ነው።

አሁን ቅጠሉ ሳይረግፍ ወደ ጫካው ገብተው ወደ ላይ ይመልከቱ። ምርጥ ዛፎችዎን ለይተው፣ አናታቸውን የሚነኩትን ተፎካካሪዎች በአንድ ወይም በሁለት ጎን ብቻ ይቁረጡ፤ በአንድ ጊዜ ዙሪያውን ከገለጡት ልጡ በፀሐይ ይጎዳል፣ ነፋስም ይጥለዋል። ሜፕል ያልሆነውን ሁሉ ግን አይጨፍጭፉ። የወፍ ጥበቃ ድርጅቱ ኦዱበን ቨርሞንት ለወፎች ምቹ ናቸው ከሚላቸው ጫካዎች የሚጠብቀው ቢያንስ 25 በመቶ ሌላ ዝርያ እንዲኖር ነው፤ ቅጠል የሚጨርሰውን አባጨጓሬ የሚለቅሙልን እነዚያው ወፎች ናቸውና። በአባጨጓሬ የተራቆተ ዛፍ ካለዎት በሚቀጥለው ጸደይ አይብሱት፤ ያረፈ ዛፍ ይመለሳል።

አንድ አባል፦ ቱቦውን በበረኪና ማጠብ ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ባክቴሪያ ቀዳዳውን ቀድሞ ይዘጋዋል።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ፣ ወንድሜ፤ በረኪና ጨው ትቶ ይሄዳል፣ ሽኮኮዎችም ጨውን ፍለጋ ቱቦውን ይበጣጥሱታል። ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

የመጀመሪያው፦ በደንብ ካለቀለቁት ጨው አይቀርም።

ሌላው፦ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቱቦ በደንብ የሚያለቀልቅ ማን ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ከጥያቄው ወጥታችኋል። የቱቦው እርጅናና የመቅጃው ንጽሕና ከበረኪናው ይበልጣሉ፤ በየዓመቱ አዲስ መቅጃ ግዙ። ያለፈውን ዓመት መቅጃም ከዛፉ ንቀሉ፣ ደግሜ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ቁጥቋጦውን እንዲያጸዱልኝ ፍየሎች ባስገባስ?

መልስ፦ በፍጹም። ችግኙን ይበላሉ፤ መሬቱንም ረግጠው ያጠብቁታል። የሜፕል ሥር ጥልቅ አይደለም። ለትራክተርም እንዲሁ ነው፤ አፈሩ እርጥብ ሲሆን አታስገቡ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ብተክለው ያድጋል? ውርጭ አለ እኮ።

መልስ፦ አልመክርም። ረጅም የብርድ ወቅት ይፈልጋል፤ ለመበሳት የሚደርሰውም 40 ዓመት ግድም ቆይቶ ነው።

ጥያቄ፦ በዚህ ወቅት በጠቅላላው ምን ይሠራል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል፤ እባክዎ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ለማፍያው ማገዶ መቼ ይፈለጥ?

መልስ፦ አሁን። ለማርች የሚነድ እንጨት ቢያንስ ሙሉ የሞቃት ወራት መድረቅ አለበት፤ ቀጭን አድርጋችሁ ፍለጡት፣ ጣሪያ ሥር ደርድሩት፣ ጎኑን ግን ለነፋስ ክፍት ተዉት፤ በሸራ ሙሉ በሙሉ የተጠቀለለ ክምር አይደርቅም።