የአንጎል ብግነትን የሚያጠፋ ክኒን ለምትጠይቁኝ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እናት አባታችሁን ለምርመራ ይዛችሁ ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ከአንጎል ብግነት ጋር ይያያዛል አሉ፤ ታዲያ ለምን ብግነት የሚያበርደውን የሕመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክን፣ አያዙላቸውም?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል።

በአንጎላችን ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ጥበቃና ጽዳት ነው። አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን በነርቮች መካከል ሲከማች ከበው ሊያስወግዱት ይሞክራሉ። ክምችቱ ዓመታት ሲያስቆጥር ግን ቁጣቸው አልበርድ ይላል፤ የአንጎል ብግነት የምንለውም ይህንኑ ነው፤ የሚያመነጩት ኬሚካልም ጤነኛውን ነርቭ መጉዳት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ትሬም2 በተባለው ዘረመል ላይ የሚታይ አንድ ለውጥ ለአልዛይመር የመጋለጥ ዕድልን ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ ታወቀ። ይህ ዘረመል በአንጎል ውስጥ በዋናነት የሚሠራው በእነዚሁ ጠባቂ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ብግነቱን አቅልለን የማናየው ለዚህ ነው።

ክኒኑስ? እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ፣ በሽታው በቤተሰባቸው የታየባቸው ጤነኛ አረጋውያን እንደ ዳይክሎፌናክ ብግነት የሚያበርዱትን ናፕሮክሲን ወይም ሴሌኮክሲብ እየወሰዱ እንዲታዩ ተደረገ። በልብ ላይ ጉዳት ያደርሳል የሚል ስጋት ስለተነሣ በ2004 መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ አእምሯቸውንም ከመድከም አልጠበቀላቸውም። በየቀኑ የሚወሰድ የሕመም ማስታገሻ የአረጋዊን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። እባካችሁ ከመድኃኒት ቤት እየገዛችሁ አትስጧቸው።

ግፊትን ካነሣሁ አይቀር፣ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። አሚሎይድ መከማቸት የሚጀምረው መርሳቱ ከመታየቱ 15 ወይም 20 ዓመት ቀድሞ ነው። በ70 ዓመታቸው የልጃቸው ስም የሚጠፋባቸው አባት፣ በሽታው ውስጥ ውስጡን የጀመራቸው ገና ሥራ ላይ ሳሉ ነው። በዚያ ዕድሜ ያልታከመ ግፊት የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል፣ ብግነቱንም ያባብሳል። ሰዉ ግን ራሱን ካላመመው አይለካም፤ ክኒን የተጀመረለትም «ተሽሎኛል» ብሎ ያቆማል። እናንተ ተለኩ፤ ወላጆቻችሁንም አስለኩ።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ለበሽታው የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን መከላከል ቢቻል፣ በዓለም ላይ ከሚታየው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል። የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ ያለመንቀሳቀስ፣ የአየር ብክለት፣ የጭንቅላት ጉዳት ከነዚሁ መካከል ናቸው። በሞተር ብስክሌት የምትሠሩ ልጆች፣ የራስ ቁር ሳታጠልቁ አትውጡ። እናቶች በእንጨት ጭስ በታፈነ ማዕድ ቤት እንጀራ ሲጋግሩ መስኮቱን ክፈቱላቸው፤ ከተቻለም ምጣዱን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሩላቸው።

የመስማት ችግርም በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጆሯቸው የደከመ አያት ሰው በተሰበሰበበት ቀስ በቀስ ዝም ይላሉ። ቤተሰቡም «እሳቸው አይሰሙም» ብሎ ያልፋቸዋል። ቀናቸውን ሁሉ ብቻቸውን ተቀምጠው ይውላሉ። የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ፣ ታጥቦ ወዲያው የሰሙ አረጋውያን አይቻለሁ። ወስዳችሁ አስመርምሯቸው።

መርሳት ሲጀምሩም «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትተዉት። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ ሕክምና አላቸው። ለጉንፋንና ለእንቅልፍ የሚወሰዱ አንዳንድ ክኒኖችም አረጋዊን ያደናግራሉ። ስለዚህ ስትመጡ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ኑ።