አጭር ልቦለድ ለምትሞክሩ፦ ጠይቁ፣ ይመለሳል

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ሥራ ስንት ገጽ፣ ስንት ሰው?
መልስ፦ 2,000 ቃል ገደማ፣ ሁለት ሰው። ሦስተኛው የሚገባው ያለ እሱ ነገሩ የማይፈነዳ ከሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ታሪኬ ፒያሳ ነው። ሰፈሩን አንድ ገጽ ሙሉ ብገልጽ ያነበበው ሁሉ ሰለቸኝ አለ።
መልስ፦ ገጹን አውጣውና ሰውህ አንድ ነገር ሲቸግረው ጀምር። ጫማው የተበጠሰበት ሰው ሊስትሮ ሲፈልግ ሰፈሩን ራሱ ያዞረናል። መቼት ደግሞ የት ብቻ ሳይሆን መቼም ነው። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ እዚያ ሻይ የሚጠጣ ሰው ካለህ ዘመኑ ቶሎ ይታወቅ። ዓመት መጻፍ ግድ አይደለም፣ የታክሲው ሒሳብ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሰዎቼ ሁሉ እንደኔ ነው የሚያወሩት።
መልስ፦ አንተና እርስዎ አሉልሽ እኮ! አከራይና ተከራይ እንውሰድ። ወር ሲገባ “ልጄ፣ በላህ ወይ?” በ10ኛው ቀን “ቤት ነህ?” በ20ኛው “መቼ ነው የሚከፍሉኝ?” እትዬ ተቆጡ ብለሽ አትጻፊ፤ አንቱታው ጨርሶታል። ብዙ ጀማሪ ግን እዚህ ላይ “ሲሉ በንዴት ጮኹ” ይጨምርና ያበላሸዋል። “አሉ” ይበቃል። ወንድና ሴት ብቻ ሲነጋገሩ እሱም ይቅር፤ ለማን እንደተባለ ግሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ “ነበር” አበዛህ ተባልኩ።
መልስ፦ “ዝናብ ይዘንብ ነበር። እሷ ለገሃር ቆማ ነበር። ታክሲ ትጠብቅ ነበር።” ምንም አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ይሁን፦ “ዝናቡ አላባራም። ለገሃር እንደቆመች ሦስተኛው ታክሲም ሞልቶ አለፋት።” “እሷ” የወጣችው ግሱ ስለያዛት ነው። ተቃራኒውም በሽታ ነው፦ “ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ወጥቶ፣ ተሳፍሮ...” ከሦስት ካለፈ ማሰሪያው ግስ እስኪደርስ አንባቢ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ጥያቄ፦ ምልሰትስ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መተረክስ?
መልስ፦ አንድ ይበቃል፣ እሱም ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ። “ነበር” እዚህ ትጠቅማለች፦ መግቢያው ላይ “መጥቶ ነበር” በሉና ከዚያ “ተቀመጠ፣ ጠየቀ” እያላችሁ ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ እርማትስ?
መልስ፦ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፣ ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላስ የተሰናከለበት ቦታ ይሰመርበት።

ጥያቄ፦ መጨረሻውን ሁሌ በሞት ወይም በሕልም ነው የምዘጋው።
መልስ፦ ንግር (ኋላ ለሚመጣው ቀድሞ የሚጣል ፍንጭ) ስላልዘራህ ነው። ተከራዩ ሲጠፋ ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ከፈለግክ፣ ቁልፉን ገጽ አንድ ላይ አሳየን፤ ግን ሌላ ሥራ ላይ፣ የቢራ ቆርኪ ሲያነሳበት። አንባቢ ያኔ ቢራውን ነው የሚያየው።