«ኬጂ» ያሉሽ እንደ ሕፃን አይተውሽ አይደለም

እህቴ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ለሒሳብ ሠራተኝነት ኢንተርቪው አድርገሽ ሳይወስዱሽ ቀሩ፤ እዚያው የምትሠራ ጓደኛሽ ደግሞ «ትንሽ ኬጂ ነች» መባልሽን ነገረችሽ። «እንደ ሕፃን ነው እንዴ ያዩኝ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይቅርታ አድርጊልኝና ሳቅ አመለጠኝ። እኛ ኬጂ ስንል ወይ መዋዕለ ሕፃናት ነው፣ ወይ ኪሎ።

የእነሱ «ኬጂ» (cagey) ግን አሜሪካ የተወለደ የእንግሊዝኛ የጨዋታ ቃል ነው፤ መደበኛ ደብዳቤ ላይ እምብዛም አታገኚውም። ከወፍ ቤቱ «ኬጅ» የመጣ ይመስላል እንጂ ምንጩ በትክክል አይታወቅም። የሚሉት የሚያውቀውን ለሚያድበሰብስ ሰው ነው። ቁጥብ ማለት አይደለም። ቁጥብ በእኛ ሙገሳ ነው፣ ለእሱ «ሪዘርቭድ» የሚል ቃል አላቸው። ኬጂ ውስጥ ጥርጣሬ አለ፦ «ይቺ ልጅ የያዘችው ነገር አለ» እንደማለት።

አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ «አባውት» ይከተለዋል፤ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ዕቅዱ ኬጂ ሆነ ይላሉ። ስለዚህ የተነካው ጠባይሽ ሳይሆን አንድ ጉዳይ ነው፤ የትኛው እንደሆነም ከጻፍሽው ያስታውቃል። የቀድሞ ሥራሽን ለምን እንደለቀቅሽ ሲጠይቁሽ «በግል ጉዳይ» ብለሽ ዝም አልሽ፤ ሲደግሙልሽም ያንኑ ደገምሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ ወንበር ላይ ግን ዝምታሽን በራሳቸው ግምት ይሞሉታል፤ ተባርራ ይሆን? ከአለቃዋ ተጣልታ ይሆን?

እውነቱ እናትሽን አዲስ አበባ ሄደሽ ስምንት ወር ማስታመምሽ ነው። ምኑ ይደበቃል? የበሽታውን ስም፣ የቤተሰቡን ጣጣ ለራስሽ ያዢው። «እናቴን ላስታምም ስምንት ወር ኢትዮጵያ ነበርኩ፤ አሁን ተሽሏታል፣ ሙሉ ጊዜ መሥራት እችላለሁ» በያቸውና በዚያው ትንፋሽ ወደምትችይው የወር መዝጊያ ሒሳብ ግቢ። መስታወት ፊት ሳይሆን ሰው ፊት ተለማመጂው፤ ጓደኛሽ ትጠይቅሽ።

የቀድሞ ደመወዝሽን ቢጠይቁሽ ግን አለመናገር ማድበስበስ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ቀጣሪ ይህን እንዳይጠይቅ ሕጉ ይከለክለዋል። እንዲያውም የቦታውን ክፍያ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ አንቺ ጠይቂ፤ ከ2024 ወዲህ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ግዴታቸው ነው። ይህን ጠይቀሽ ከሸፋፈኑብሽ፣ ኬጂዎቹ እነሱ ናቸው።