የለቀቁትስ የት ገቡ? የሕዝብ ጤና መረጃ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በክትትል ጣቢያችን (የአንድ አካባቢ ነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና መልቀቅ ቤት ለቤት እየዞርን በምንመዘግብበት) ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ቀንሷል። ክትባቱ ውጤት አምጥቷል ብለን ሪፖርት እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ አካፋዩን፣ ማለትም የሞቱት ቁጥር የሚካፈልበትን የሕፃናት ብዛት ይመርምሩት። በዓመቱ መግቢያ 8,000 ሕፃናት ተመዝግበው 37 ሞቱ እንበል። በቀጥታ ሲካፈል ከ1,000 ሕፃናት 4.6 ይመጣል። ከእነሱ ውስጥ 1,200ዎቹ በዓመቱ አጋማሽ ከነቤተሰባቸው አካባቢውን ለቀው ከሆነ ግን፣ በክትትል ሥር የቆዩት ግማሽ ዓመት ብቻ ስለሆነ እንደ 600 ይቆጠራሉ። አካፋዩ ወደ 7,400 ገደማ ይወርዳል፤ ምጣኔውም 5.0 ይሆናል። መልቀቁ ካልተመዘገበ የሄደው ልጅ መዝገቡ ላይ ሳይታመምና ሳይሞት ዝንተ ዓለም ይኖራል። አካፋዩ በየዓመቱ እያበጠ ይሄዳል፤ ማንም ሳይድን ሞት የቀነሰ ይመስላል። በዚህ ቁጥር ተታሎ ሥራውን የሚያቀዘቅዝ የጤና ቢሮ ልጆችን ያጣል።

ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው "ሁሉም ደህና ናቸው?" ብሎ አይለፍ። የቤቱን አባላት ስም በስም እየጠራ አለ፣ ሄደ፣ ሞተ ብሎ ይመዝግብ፤ ለሄደውና ለሞተው ቀኑን ይጻፍ። ተቆጣጣሪውም ጥቂት ቤቶችን በዕጣ መርጦ ደግሞ ይጎብኝ።

ጥያቄ፦ በጀት አንሶናል። የቤት ለቤት ዙሩን በዓመት ከሦስት ወደ አንድ ብናወርደውስ?

መልስ፦ ከመዝገብ የሚጠፉት ጨቅላዎች ናቸው። እርግዝና 9 ወር ነው፤ በሁለት ጉብኝት መካከል 12 ወር ካለፈ፣ ተፀንሶ፣ ተወልዶ፣ በሦስተኛው ቀን የሞተ ሕፃን ጨርሶ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ እናቶችም ካልተጠየቁ አያነሱትም። በየ4 ወሩ ከተሄደ ግን እርግዝናው ቀድሞ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት መወለዱ፣ ሞቶ መወለዱ ወይም ውርጃ መሆኑ የግድ መሞላት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1966 በባንግላዴሽ ማትላብ የተጀመረው ክትትል ለአሥርት ዓመታት የጠቀመው ቤቶቹ በየጊዜው ስለሚጎበኙ ነው። መቀነስ ካለብዎ መጠይቁን ያሳጥሩ፤ ዙሩን አይንኩ።

ጥያቄ፦ የእናቶች ሞት ከአምናው 2 ዘንድሮ 4 ደርሷል። በእጥፍ ጨመረ ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። እያንዳንዱ ሞት በምን እንደመጣ ዛሬውኑ ይጣራ፤ ምጣኔውን ግን የ3 ወይም የ5 ዓመት ደምረው ያወዳድሩ። ለ4 ሞት የ95 በመቶ መተማመኛ ወሰኑ፣ ማለትም ቁጥሩ በአጋጣሚ ሊዋዥቅ የሚችልበት ክልል፣ በግምት ከ1 እስከ 10 ነው፤ የአምናው 2ም እዚያው ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ የተመዘገበው ዕድሜ አብዛኛው 30፣ 35፣ 40 ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ በዕድሜ የተከፋፈለውን ምጣኔ ያዛባል። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ይቁጠሩ፣ በ5 ያባዙ፣ ለጠቅላላው ያካፍሉና በ100 ያባዙ። 100 ከሆነ ማጠጋጋት የለም፤ 500 ከሆነ ሁሉም አጠጋግቷል። ቁጥሩ ከፍ ካለ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ዕድሜን በአካባቢው ከሚታወቁ ክስተቶች ጋር እያገናኙ እንደገና ይጠይቁ።